ከሱቅዎ ፊት የቆመው መኪና የማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ደብረ ብርሃን ውስጥ አስፋልት ዳር የልብስና የብርድ ልብስ ሱቅ አለኝ። ከሱቃችን ፊት መኪና ሲቆም የተደራጁ ልጆች ትኬት እየቆረጡ ያስከፍላሉ። በበዓል ሰሞን ደንበኛ ‹ማቆሚያ የለም› እያለ ይሄድብናል። የረድፋችን ነጋዴዎች ተሰባስበን ከገና እስከ ጥምቀት፣ ኋላም ለፋሲካ፣ ፓርኪንጉ ነፃ እንዲሆን ማዘጋጃ ቤቱን ልንጠይቅ አስበናል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ መኪና አይቁም፣ መንገዱ ለእግረኛ ይለቀቅ ይላሉ። ለገበያችን የሚበጀው የቱ ነው? እኔም የምመጣው በመኪናዬ ነው። የራሴንስ የት ላቁመው?»

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ የዕለት ሥራዬ ነው። ያደግኩትም ሰሜን ሸዋ ስለሆነ የሚሉትን አስፋልት ዳር በደንብ አውቀዋለሁ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ነፃ ይሁን ብላችሁ አትጠይቁ። ጭራሽ አይቁምም አትበሉ። አንድ መኪና እዚያው ተተክሎ እንዳይውል ጠይቁ።

ይህን የምለው ከራስዎ ቃል ተነስቼ ነው። ደንበኛው ሲሄድብዎ «ማቆሚያ የለም» ነው ያለው። «ማቆሚያ ውድ ነው» አላለም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ዋጋው ያስመረረው ሰው ቢሆን ኖሮ ነፃ ማድረጉ ይጠቅመው ነበር። ቦታ ያጣው ሰው ግን ነፃ ሲሆን ይብሱን ቦታ ያጣል። ነፃ የሆነን ቦታ ማንም ቶሎ አይለቅም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ እኔም እርስዎም እንዲሁ ነን።

እስቲ ከሱቅዎ ፊት ያለችውን አንዲት ቦታ ብቻ እናስብ። አንድ አውቶሞቢል አስፋልት ዳር ለመቆም፣ መግቢያና መውጫውን ጨምሮ፣ 6 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት 10 ሰዓት አለ። መኪናው ጠዋት ገብቶ ማታ ከወጣ ቦታዋ ያስተናገደችው አንድ ሹፌር ነው። መኪኖች ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየቆሙ ቢሄዱ ያቺው ቦታ 20 መኪና ታስተናግዳለች። ረድፋችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ 10 ቦታ ካለ፣ ልዩነቱ በቀን የ10 መኪናና የ200 መኪና ነው። አስፋልቱ አልሰፋም፤ ለግንባታ የወጣ ገንዘብም የለም። የተለወጠው መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ይህን መፈራረቅ እለዋለሁ። እርግጥ ቦታው ሁልጊዜ ሞልቶ አይውልም፤ የቆመው ሁሉም ከእርስዎ አይገዛም። ነገር ግን ጎራ የማለት ዕድል ያገኘው ሰው ብዛት ሲጨምር የእርስዎም ድርሻ ይጨምራል።

አንድ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። ወደ ቤተሰብ ስሄድ ነው ያደርኩት። አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ፤ የሙያ ልማድ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ከፊት ለፊት የቆሙትን መኪኖች የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር እጽፍ ነበር። ብርዱ ጋቢ የሚያስደርብ ነበር። ገበያው ደርቷል። ዶሮ በእግሯ ዘቅዝቀው የያዙ ሴቶች፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ ሽንኩርት የተሸከመ ጋሪ ይተላለፋሉ። ከሁሉም ዓይኔን የያዘችው አንዲት ነጭ ፒክአፕ ናት። ጠዋት 2 ሰዓት ስደርስ ቆማ ነበር። ዳሽቦርዷ ላይ ለፀሐይ ተብሎ ጋዜጣ ተዘርግቷል። ይህ ብዙ ሊቆይ ያሰበ ሰው ምልክት ነው። 3 ሰዓት ላይ አለች፣ 6 ሰዓት ላይ አለች፣ 9 ሰዓት ላይም አለች።

በዚህ መሐል የአዲስ አበባ ታርጋ ያላት ቪትዝ መጣች። ከሹፌሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት በመስኮት ወደ ብርድ ልብስ ሱቁ ጣቷን ትቀስራለች። ቦታ ስላልነበረ አለፉ። ዞረው መጡ፤ አሁንም ቦታ የለም። ሦስተኛ ሲያልፉ ሴትየዋ ወደ ሱቁ አልዞረችም። ወደ ደሴ በሚወስደው በጣርማ በር አቅጣጫ ወጡና አልተመለሱም። 11 ሰዓት አለፍ ሲል የፒክአፗ ባለቤት መጣ። ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠና ሞተር አስነሳ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለት በር ዘልቆ ያለው ሱቅ ባለቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሞ ዘንድሮ ገበያ ቀዝቅዟል ሲል የሰማሁትም እሱን ነው። በጣም አዘንኩ። ሰውየው ታታሪ ነው፤ ገዢውን ያባረረበት የራሱ መኪና መሆኑ ግን አልታየውም።

ለዚህ ነው ርዕሱን በጥያቄ ያደረግኩት። የበዓል ሰሞን ከሱቆች ፊት ተገትሮ የሚውለው መኪና ብዙውን ጊዜ የገዢ አይደለም። ወይ የባለ ሱቁ ነው፣ ወይ በአካባቢው ቢሮና ባንክ የሚሠራ ሰው ነው፣ ወይ ዕቃ ያላራገፈ አይሱዙ ነው። እነዚህ ሁሉ ከገዢው ቀድመው ይደርሳሉ። ገዢ የሚመጣው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት መልካሙ ቦታ ሁሉ ተይዟል። ፓርኪንጉን ነፃ ብታደርጉት ስጦታው የሚደርሰው ማለዳ ለሚመጣው ነው። ለገዢው አይደርስም።

ይህን ጣጣ ከእኛ በፊት ያዩት አሉ። የመጀመሪያው የፓርኪንግ ሜትር፣ ማለትም ሳንቲም ሲጨምሩበት ሰዓት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ የተተከለው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1935 በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ካርል ማጊ የተባለ ጋዜጠኛ ነው ሐሳቡን ያመጣው። በከተማው የንግድ ምክር ቤት ውስጥ የትራፊክ ኮሚቴውን ይመራ ነበር። ልብ ይበሉ፣ ነገሩ የተጀመረው ከነጋዴው ወገን ነው። መሐል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ማለዳ መኪናቸውን አቁመው ስለሚውሉ ገዢ ቦታ ያጣ ነበር። ክፍያው በሰዓት 5 ሳንቲም ነበር። ዓላማው ቦታው እንዲፈራረቅ ማድረግ ነው።

ዛሬም በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ለገና ሰሞን ሜትሮቹን በከረጢት ሸፍነው «የበዓል ስጦታ» ብለው ነፃ ያደርጋሉ። ነጋዴው በመጀመሪያ ደስ ይለዋል። ከዚያ ግን የሱቁ ሠራተኞች ራሳቸው ማለዳ መጥተው ነፃውን ቦታ ይሞሉታል። ይህን የተረዱ ከተሞች ገንዘቡን ቢተዉም የሰዓት ገደቡን አይተዉም። መክፈል ባይኖርም ከሁለት ሰዓት በላይ መቆም አይቻልም ይላሉ። ገደቡን የሚያስጠብቅ ሰው ካለ ይህም መንገድ ይሠራል።

ዶናልድ ሹፕ የሚባል በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዕድሜውን በሙሉ በዚህ ጉዳይ ሲመራመር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ዐረፈ። እኔ ከእሱ የያዝኩት አንድ መለኪያ ነው። መንገድ ዳር ካሉ ቦታዎች 85 በመቶው ተይዞ ቀሪው ክፍት ቢሆን፣ ማለትም ከሰባት ቦታ አንዷ ባዶ ብትሆን፣ ዋጋው ልክ ነው ይላል። ሁሉም ከሞላ ዋጋው አንሷል ወይም ገደቡ ላልቷል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ዋጋው በዝቷል፤ መቀነስ ወይም መተው አለበት። መለኪያው የሚቆጠር ነገር ስለሆነ እወደዋለሁ። ማንም ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ሊያየው ይችላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጥል ረድፋችሁ ባዶ ከሆነ ልጆቹ ማስከፈላቸው ትርጉም የለውም። በዋዜማ ግን ሌላ ነው።

ያው ፕሮፌሰር በተለያዩ ከተሞች የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ፣ መሐል ከተማ ከሚጓዘው መኪና በአማካይ 30 በመቶው ማቆሚያ ፍለጋ የሚዞር ነው ብሏል። ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ጥናቶቹ የተሠሩት አስቀድሞ በተጨናነቁ መንገዶች ላይ ነው፤ ለደብረ ብርሃን ማክሰኞ ከሰዓት አይሠራም። ለዋዜማ ግን ያቺን ቪትዝ አስታውሳለሁ። ሦስት ዙር ስትዞር ሦስት ጊዜ መንገድ አጣበበች፣ ሦስት ጊዜ ጭስ ለቀቀች፣ ምንም ሳትገዛ ሄደች።

አሁን ወደ ትኬቱ ልምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ ያላብራሩት ነገር አለ። ልጆቹ የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው ወይስ አንዴ ለቆመ? ብዙ ቦታ እንደማየው አንዴ ከሆነ፣ ችግሩ ግማሹ እዚያ ነው። ለምሳሌ 10 ብር ከፍሎ ቀኑን ሙሉ መቆም የሚችል ሰው ለምን ይነሳል? ለግማሽ ሰዓት የመጣው ገዢም እኩል 10 ብር ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ክፍያው የሚቀጣው ቶሎ የሚሄደውን ሰው ነው። ልጁም ቢሆን መኪናው ቢነሳ ባይነሳ ደንታ አይኖረውም።

እኔ ብሆን እንዲህ እንዲሆን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው 30 ደቂቃ አይከፈልበትም። ከዚያ እስከ አንድ ሰዓት ትንሽ ይከፈላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ ሰዓት ካለፈው ይወደዳል። ልጁ መኪናው እንደቆመ ትኬቱ ላይ የገባበትን ሰዓትና የታርጋውን መጨረሻ ሦስት ቁጥር ይጽፋል። ሌላ ማሽን አያስፈልግም፤ እስክሪብቶና ሰዓት ይበቃል። ብርድ ልብስ አይቶ፣ ተከራክሮ፣ አስጠቅልሎ የሚወጣ ሰው ምንም ሳይከፍል ይሄዳል። ጋዜጣ ዘርግቶ የሚውለው ግን ሒሳቡን ሲያስበው ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ልጆቹን እንደ ጠላት አትዩአቸው። ከማንም በላይ መንገዱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የትኛው መኪና የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠይቋቸው፤ በቃላቸው ይነግሯችኋል። ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት የአካባቢውን ባለ ሱቅ «አንሳ» ማለት ስለማይችሉ ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ያከብሩታል፣ ይፈሩታልም። የረድፉ ነጋዴዎች ራሳችሁ ተስማምታችሁ ከነገራችኋቸው ግን ሸክሙ ይቀልላቸዋል።

አንድ ነገር ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ዋጋው በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ገዢ የሚያስመርረው ብሩ ሳይሆን ጭቅጭቁ ነው። ለበዓል የመጣ እንግዳ ዛሬ ይህን ያህል፣ ነገ ያን ያህል ሲባል ሆዱ ይሻክራል። ከዚያ የባሰው ትራፊክ ፖሊስ የተከለከለ ቦታ የቆመን መኪና ታርጋ ሲፈታ ነው። ደንበኛው ጥቅሉን ይዞ ሲወጣ መኪናው ታርጋ የለውም። ትራፊክ ፖሊሱን ፍለጋ ይሄዳል፣ ቢሮ ይመላለሳል፣ በዓሉ ይበላሽበታል። ይህ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ፍሬን አይዝም። ስለዚህ የተከለከለው ቦታ አስፋልቱ ላይ በቀለም ይሠመር። መስቀለኛው መንገድና የእግረኛ ማቋረጫው በምንም ምክንያት መኪና አይቁምበት። ሌላው ግልጽ ሆኖ ይፈቀድ።

ስለ እግረኛው ላንሳ፤ ነጋዴ ወዳጆቼ ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ አንድ የገበያ ጎዳና ላይ ባለ ሱቆች ስንት ደንበኛችሁ በመኪና ይመጣል ተብለው ተጠየቁ። 41 በመቶ ብለው ገመቱ። ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ 22 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ የሆነው መኪና ከእኛ እጅግ በበዛበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከሱቅዎ የሚገባው ሰው በአብዛኛው በእግሩ፣ በባጃጅ፣ በጋሪ ወይም ከገጠር በሚኒባስ የመጣ ነው። ባለ መኪናው ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ይመስላል። ጥቅል የሚሸከመው ግን ሌላው ነው።

ስለዚህ ከረድፉ ጫፍና ጫፍ ሁለት ሁለት ቦታ ለባጃጅና ለጋሪ ይተውላቸው። አንድ ብርቱ ተራ አስከባሪ ይመደብላቸው። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሰው እስኪያወርድ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ያቺ ቦታ በቀን የምታመጣውን ሰው መኪና አያመጣውም። ሳይዘጋጅላቸው ሲቀር መሐል አስፋልት ላይ ያወርዳሉ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል። ጋሪውንም አትናቁት። ሦስት ፍራሽና አንድ ኩንታል ዱቄት ወደ ጠባሴ ሰፈር የሚያደርሰው እሱ ነው።

አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። የእግረኛው መንገድ ላይ ዕቃ ደርድረን፣ አሻንጉሊት ቀሚስ አልብሰን አቁመን፣ ሰውን ወደ አስፋልት የምንገፋው እኛው ነን። በበዓል ሰሞን ይህ ይብሳል። ዶሮና ልጅ የያዘች እናት በቆሙ መኪኖችና በሚሮጡ ባጃጆች መሐል እየተሽሎከለከች የሱቅዎን መስኮት ልታይ አትችልም። እግሯን ስታይ ነው የምታልፈው። ከቻላችሁ ሁላችሁም በአንድ ቀን ዕቃችሁን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡ። አንድ ሰው ብቻውን ካስገባ ጎረቤቱ ይበልጠዋል፤ በአንድ ላይ ከሆነ ማንም አይጎዳም።

ታዲያ መኪናውን ለምን አናባርረውም? ይህን አድርጌ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ከሰሜን ሸዋ ውጭ በሆነ አንድ ከተማ፣ ስሙን አልጠራም፣ የገበያውን ዋና መንገድ ለበዓሉ ሳምንት ሙሉ ለሙሉ ለመኪና እንዲዘጋ የመከርኩት እኔ ነኝ። እግረኛው ደስ አለው። ጌጣጌጥ፣ ጫማ፣ የልጆች ልብስ የሚሸጡት ጥሩ ሸጡ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ አዛውንት ፍራሽ በጀርባቸው አዝለው አየሁ። ጋሪ እስከ ሱቁ መግባት ስለተከለከለ እስከ ጫፉ ድረስ ይሸከማሉ። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። አንዱን ጫፍ ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። መንገዱ አጭር መስሎኝ ነበር፤ ወረቀት ላይ አጭር ነበር። ከጫፍ ስንደርስ ባጃጁ ሁሉ እዚያ ተከማችቶ መላወሻ የለም። ፍራሽ፣ ዱቄትና ለስላሳ በሣጥን የሚሸጡት ነጋዴዎች ያን ሳምንት ከሰሩ። ለእነሱ በቂ ሐሳብ አልሰጠሁም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ይዘጋ ብዬ አላውቅም። ብርድ ልብስም ከባድ ዕቃ ነው፤ ለእርስዎ ሱቅ መዝጋት አይሆንም።

አይሱዙውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዕቃ ማራገፍ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከጅምላ ሻጮቹና ከጫኝና አውራጆቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ማለዳ ለሚመጡ ጥቂት ብር ጨምሩላቸው። በ5 ሰዓት ሁለተኛ ረድፍ ሠርቶ የሚያራግፍ አንድ አይሱዙ የአራት ቦታ ገበያ ይዘጋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ አንድ ለየት ያለ ገዢ አለ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ። ወደ ደሴ የሚያልፈው፣ ወደ መንዝ የሚገባው፣ ወደ አንኮበር የሚታጠፈው ሁሉ በእናንተ በኩል ነው የሚያልፈው። ለበዓል ቤተሰቡ ዘንድ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። ለእናቱ ብርድ ልብስ፣ ለአባቱ ጋቢ፣ ለቤቱ በግ ይፈልጋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ስሙ ቀድሞት ስለሚሄድ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ይህ ሰው የሚቆመው ለ15 እና ለ20 ደቂቃ ነው፤ ከመምሸቱ በፊት የጣርማ በርን ጉም ማለፍ ይፈልጋል። ቦታ ካገኘ ሳይከራከር ገዝቶ ይሄዳል። ካጣ ደብረ ሲና ላይ ሌላ ነገር ይገዛል። እናንተ ረድፍ ላይ መኪና ማቆሚያ በጣም የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። የ30 ደቂቃውን ነፃ ሰዓት ስመክር ያሰብኩት እሱን ነው።

በዓላቱም አንድ ዓይነት አይደሉም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው 12 ቀን ብቻ አለ፤ ለእርስዎ ዓመቱን የሚያሟላው ይህ ነው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ልብስ ገዢው እስከ ከተራ ዋዜማ ድረስ አይቋረጥም። ከተራ ዕለት ከሰዓት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ በሚያልፉበት መንገድ አንድም መኪና መቆም የለበትም። ይህ የፓርኪንግ ጉዳይ ሳይሆን የክብርም የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ደንበኞቻችሁን ጥር 10 ከቀትር በፊት ጨርሱ ብላችሁ ከሳምንት በፊት ጀምራችሁ ንገሯቸው። ሱቃችሁ በር ላይም ጻፉት።

ፋሲካ ደግሞ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ስለሚመጣ ገበያው በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ተጨምቆ ነው የሚወጣው። ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ዶሮው፣ የቅርጫው በሬ ሁሉ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ዕድል አለ። ስቅለት ዓርብ የሕዝብ በዓል ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ቅዳሜም ቢሮ የለም። ገበያው ጣራ በሚነካባቸው ሁለት ቀናት የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ግቢዎች ባዶ ናቸው። ማዘጋጃ ቤቱን የምትጠይቁት ይህን ይሁን። ለዓርብና ለቅዳሜ አንድ ሁለት ግቢ ከፍቶ፣ ጥበቃ አቁሞ፣ ለነጋዴና ለሠራተኛ መኪና ይስጣችሁ። ምንም ግንባታ አይጠይቅም። አዲስ አበባ መገናኛ ላይ እንደተሠራው መኪና ወደ ላይ እያነሳ የሚደረድር ሕንፃ ይሠራልን የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእናንተ ከተማ ግን መጀመሪያ ያለውን ግቢ በር መክፈት ይቀድማል።

የበግና የፍየል ተራውም ከሱቆቹ ረድፍ መራቅ አለበት። በግ ለማየት የቆመ መኪና ለአንድ ሰዓት አይነሳም፤ የዋጋ ክርክሩ ረጅም ነው።

ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስትነጋገሩ ገንዘቡ የት እንደሚሄድም አንሱ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና የምትባል ከተማ አለች። አሮጌው መሐል ከተማዋ ተጎሳቁሎ ነበር። ሜትር ይተከል ሲባል ባለ ሱቆቹ ገዢያችን ይሸሻል ብለው ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተስማሙት የሚሰበሰበው ገንዘብ እዚያው መንገድ ላይ እንዲውል ቃል ሲገባላቸው ነው። የእግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ መብራት ተተከለ፣ ጽዳቱ ተስተካከለ፤ ገበያውም አንሰራራ። እናንተም ለልጆቹ ተገቢው ድርሻቸው ተሰጥቶ ከቀረው ላይ የመንገድ መብራት አምፖል ይተካልን፣ የተከፈተው ቱቦ ይከደንልን ማለት ትችላላችሁ። በዋዜማ ምሽት ገዢ የሚያመሸው መብራት ባለበት ነው።

ከሌላ ከተማ ለምታነቡ አንድ ቃል። ይህን እንዳለ ገልብጣችሁ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ላይ አታውሉት። መንገድ ዳሩ ካልሞላ ክፍያ አያስፈልግም። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ዋናው ጭንቀት ከጣርማ በር ቁልቁለት የሚወርደው የጭነት መኪና ነው፤ እዚያ መጀመሪያ የሚታሰበው ሰው እንዳይገጭ ነው።

ወደ ስብሰባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ቁጠሩ። ቅዳሜ ይሁን፤ ገበያ ያለበት ቀን። ረድፉ ላይ ሁለት ንቁ ልጆች ደብተር ይዘው ይቀመጡ። ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከመጀመሪያው ሱቅ እስከ መጨረሻው የቆመውን ሁሉ የታርጋ መጨረሻ ሦስት ቁጥር ይጻፉ። ማታ ደብተሩን ዘርግታችሁ ከአራት ጊዜ በላይ የተደጋገመውን ቁጥር አክብቡበት። ከዚያ የማን እንደሆነ ተጠያየቁ። ሳትቀያየሙ ነው የምላችሁ፤ ከመካከላችሁ የብዙዎቹ ይወጣል። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ብትገቡ የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ። ባዶ እጅ የገባ አቤቱታ በበዓል ሰሞን ብዙ ነው።

የራስዎን መኪና ጠይቀውኛል። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ባለው የኮብልስቶን መንገድ ግቢ ያላቸው ቤቶች አሉ። ከአንዳቸው ጋር ለአንድ ወር ተነጋገሩና አራት አምስት ነጋዴ ሆናችሁ ተከራዩ፤ ኪራዩን ስትካፈሉት ለእያንዳንዳችሁ ትንሽ ነው። አምስት ደቂቃ በእግር ነው። ጠዋት ዕቃ ካለዎት ሱቁ በር ላይ ያራግፉና መኪናውን ወስደው ግቢው ውስጥ ያስገቡ። ማታ ሲዘጉ ገንዘብ ይዘው ብቻዎን አይሂዱ፤ ከግቢ ተካፋዮችዎ ጋር አብራችሁ ውጡ።